ከአምልኮ የቀረሁባቸው ሁለት ዓመት ተኩል

ይሄን የምጽፈው «በሚቀጥለው እሁድ እሄዳለሁ» እያለ ወራት ላለፉት ሰው ነው። እኔ እንዲያ እያልኩ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎኛል። እምነቴን አልካድኩም። ተጣልቼ፣ በር ወርውሬ አልወጣሁም። ያን ጊዜ «ክርስቲያን ነሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር አፌን ሞልቼ «አዎ» እለው ነበር። ጉባኤ መሄድ ግን ትቼ ነበር፣ መተዌን ራሱ ለረጅም ጊዜ አላስተዋልኩም። እንዴት እንደገባሁበትና እንዴት እንደወጣሁ፣ በተለይ የት የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንድ ሰው ከመንገዱ ይመለስ ይሆናል።

ያደግኩት ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። ኳየር ዘምሬያለሁ፣ የሰንበት ትምህርት ልጆችን ለስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። እሁድ ጠዋት የት እንደምገኝ ማንም አይጠይቀኝም ነበር፣ ይታወቃላ። ስለዚህ «ይሄ ለአዲስ አማኝ የሚሆን ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። አገልጋይ የነበረ ሰው ሲቀር እንዲያውም ይብሳል፤ ቃሉን ስለሚያውቅ እንዳልራቀ ራሱን ማሳመን ይችላል።

የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ኮሮና ሲመጣ በየአገሩ የአምልኮ ቦታዎች ተዘጉ፣ የእኛም ቤተክርስቲያን ፕሮግራሙን በቀጥታ ስርጭት ማስተላለፍ ጀመረች። ስርጭቱ ያን ጊዜ በረከት ሆኖልናል፣ ዛሬም ክፉ ስም ልሰጠው አልፈልግም። ሳሎን እንሰበሰባለን፣ ልብሳችንን ቀይረን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይዘን። መዝሙር ሲጀመር እንነሳለን። ትልቋ ልጄ እያጨበጨበች ትዘላለች። በሩ የተከፈተ ቀን ማን ይቀድመናል እንባባል ነበር።

በሩ ተከፈተ። እኔ ግን አልሄድኩም። ሁለተኛው ልጃችን ገና አራት ወሩ ነበር፣ «ትንሽ ይጠንክር» አልኩ። ይሄ እውነተኛ ምክንያት ነበር። ችግሩ ልጁ ሲጠነክር እኔ በቦታው ሌላ ምክንያት መተካቴ ነው። አንድ ሳምንት ጉንፋን፣ አንድ ሳምንት ዝናብ፣ አንድ ሳምንት እንግዳ፣ ሌላው ሳምንት ደግሞ እንዲሁ ድካም። ሁሉም በየራሱ ሲታይ ያሳምናል። አንድ ላይ ሲደመር ግን ዓመት ሆነ።

አሁን ወደ ኋላ ሳየው ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ቆመን እንዘምር ነበር። ከዚያ ተቀምጠን። ከዚያ እኔ ልብስ እያጠፍኩ መስማት ጀመርኩ። ከዚያ መዝሙሩን እያለፍኩ ስብከቱን ብቻ። ከዚያ «ማታ አየዋለሁ» መጣ፤ ማታ ደግሞ ልጆቹ እስኪተኙ፣ ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ እኔም አብሬያቸው። ከዚያ የስብከቱን ፍጥነት ጨምሬ የአንድ ሰዓቱን በአርባ ደቂቃ መጨረስ ጀመርኩ። በመጨረሻ ሰዎች ቆርጠው የሚለጥፏትን የሁለት ደቂቃ ቁራጭ አይቼ «ዛሬ ቃል ሰምቻለሁ» እል ነበር። አንዱ ደረጃ ከሌላው ብዙም አይርቅም። አንድም ቀን ቁጭ ብዬ «ከዛሬ ጀምሮ አልሄድም» ብዬ አልወሰንኩም። መቅረት እኮ አይወሰንም፣ ይለመዳል።

አንድ እሁድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ፣ ስብከት ከፍቼ፣ ወለል እየወለወልኩ ነው። ልጄ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። የሳለችውን ሥዕል ልታሳየኝ መጣች፣ ድምፁ ግን ረበሻት። «እማዬ፣ ቤተክርስቲያኑን አጥፊው» አለችኝ። አጠፋሁት። ሥዕሉን አየሁላት፣ አደነቅኩላት፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የከነከነኝ ማታ ነው። ለእሷ ቤተክርስቲያን ማለት የሚጠፋና የሚበራ ነገር ሆኗል። እኔ በእሷ ዕድሜ ከፊቴ ባለው አግዳሚ ወንበር ጀርባ ላይ የነበረውን ረጅም ጭረት በጣቴ እየተከተልኩ፣ በሌላው እጄ የእናቴን ቀሚስ ይዤ፣ ከላዬ የብዙ ሰው ድምፅ ሲዘምር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከሚባለው አንድም ቃል አይገባኝም ነበር። ግን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ቆመው የሚያከብሩት አንድ ከእነሱ የሚበልጥ እንዳለ ገብቶኛል። ያንን ለልጄ በስልክ ልሰጣት አልችልም። ይሄ እየከነከነኝም በሚቀጥለው እሁድ ግን አልተነሳሁም።

ያልነገርኳችሁ ሌላ ነገርም ነበር። ወልጄ ከኳየር ስወጣ አብራኝ ታገለግል የነበረች እህት ሰው መሃል «አንቺማ አሁን የቤት ሰው ሆነሻል» ብላኝ ነበር። ሰዎች ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያቺን አንዲት ቃል ግን ይዣት ዞርኩ። ቀስ በቀስ መቅረቴ ሲረዝምና ስልኬ ሳይጮህ ሲቀር «ብጠፋም አይታወቅም ማለት ነው» ብዬ ደመደምኩ። በኋላ ስሰማ ለካ ሦስት ሰዎች ስለ እኔ ተጠያይቀዋል። እያንዳንዳቸው ሌላዋ የደወለችልኝ መስሏቸው ነው የተዉት።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት በግልጽ ልናገረው። ተጎዳሁ፣ ግን ለጎዳችኝ ሰው አልነገርኳትም። ማቴዎስ 18፥15 ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ነው የሚለው፤ እኔ ግን ከእሷ በስተቀር ለሁሉም ተናግሬያለሁ፣ ለባለቤቴ፣ ለእህቴ፣ ለጎረቤቴ። ደግሞ ሰው እንዲደውልልኝ ስጠብቅ ራሴ ለማንም አልደወልኩም። እባካችሁ፣ ልባችሁ ውስጥ የተሰካ ነገር ካለ ሳይመረቅዝ በዚሁ ሳምንት ንገሩ። ከተመለስኩ በኋላ ሄጄ ስነግራት ልጅቷ ደነገጠች። ማለቷን ራሱ አታስታውስም። እየቀናችብኝ እንደነበር፣ እሷም ልጅ ለማግኘት ለዓመታት ስትጸልይ እንደቆየች እያለቀሰች ነገረችኝ። ሁለት ዓመት የያዝኩት ቂም አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ቤት ስቀመጥ ምን ሆንኩ? ወዲያው ምንም። ያ ነው አደገኛው። ጸሎቴ አንድ ቀን አልቆመም፣ አጠረ። መጽሐፍ ቅዱሴ አልጠፋም፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ስብከት መስማት እንዲያውም ጨምሬ ነበር፤ በሳምንት አራት አምስት ሰባኪ እሰማለሁ፣ አወዳድራለሁ፣ «ይሄኛው ጥልቀት የለውም፣ ያኛው ይጮሃል» እላለሁ። የሚነካኝ ነገር ሲመጣ በጣቴ አሳልፈዋለሁ። ጉባኤ ውስጥ ሆኜ ቢሆን ኖሮ የማይመቸኝ ቃል ሲመጣ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ ወዴትም አልሄድም። የሚሰብከው መጋቢ ደግሞ ቤቴን ያውቃል፣ ባለቤቴን ያውቃል፣ አመሌን ያውቃል። ስልኬ ውስጥ ያሉት ሰባኪዎች አንዳቸውም ስሜን አያውቁም ነበር። ሰሚ ሳልሆን መራጭ ሆኜ ነበር።

ከሁሉ የሚያመኝ የባለቤቴ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት ትልቋን ልጅ ይዞ ብቻውን ይሄድ ነበር። በየሳምንቱ «ባለቤትህስ?» ይሉታል። እሱም «ትንሽ አሟት ነው»፣ «ሕፃኑ ነው» እያለ ይመልሳል። አንድ እሁድ ጫማውን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሳያደርገው ትንሽ ቆየና መልሶ አስቀመጠው። «ዛሬ ልረፍ» አለ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አብረን ቁርስ በላን። የእኔ መቅረት እሱንና ልጄን ይዞ መቅረቱ የታየኝ ብዙ ቆይቶ ነው። «የእኔ መቅረት ማንን ይጎዳል?» የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቤታችሁን ዙሪያውን እዩት።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜ በድንገት ሞተ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሰዎች መጡ፣ አለቀሱ፣ ቀናት አለፉና ቤቱ ጭር አለ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ሳሎን ወጣሁ። ልጸልይ ሞከርኩ፣ አፌ አልታዘዘኝም። ስልኬን አንስቼ ስለ መጽናናት የሚናገር ስብከት ከፈትኩ። ጥሩ ስብከት ነበር። መሃሉ ላይ የተናገረው አንድ ቃል አንጀቴን በላውና ማልቀስ ጀመርኩ፣ ድምፅ አውጥቼ። ሰባኪው ወደ ሁለተኛው ነጥብ አለፈ። ያለቀስኩለት ነገር አልቆ እሱ ቀጥሏል። እኔ አየዋለሁ፣ እሱ ግን አያየኝም። ያን ሌሊት ምን እንዳጣሁ ገባኝ። መክብብ 4፥10 ብቻውን ሆኖ ለወደቀ ሰው የሚያነሣው ሁለተኛ የለውምና ወዮለት ይላል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ሄድኩ፣ ብቻዬን። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ እኔ ሦስት ሰዓት ከሩብ ደርሼ ውጭ ቆሜያለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ፈራሁ። የፈራሁት እግዚአብሔርን አልነበረም፣ «ጠፋሽ!» የሚለውን ቃል ነው። (ለምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ስታዩ «የት ጠፍተሽ ነው?» አትበሉ። «እንኳን መጣሽ» በሉ፣ በቃ። ምክንያቱን እሱ ራሱ በጊዜው ይነግራችኋል።) መዝሙሩ ሲጀመር ሁሉም ወደ ፊት ስለሚያይ በዚያው ገብቼ መጨረሻው ረድፍ ላይ አንዲት አረጋዊት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ።

መዘመር አልቻልኩም። ግጥሙን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን አልወጣ አለኝ። እኚህ እናት አዩኝ፣ ምንም አላሉም። መዝሙር መጽሐፋቸውን ወደ እኔ አስጠጉና ጣታቸውን ከስንኙ ሥር አድርገው መዘመር ቀጠሉ። ድምፃቸው የደከመ ነው፣ ዜማውንም አንዳንዴ ይስቱታል። ጣታቸው ግን ቃል በቃል ይሄዳል፤ መስመር ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይወርዳል፣ ገጽ ሲያልቅ ይገልጣሉ፣ መልሰው ጣታቸውን ያኖራሉ። ሦስት መዝሙር እንዲህ አለፈ። አንድም ቃል አልዘመርኩም፣ ግን አንዱም ስንኝ አላመለጠኝም። የራሴ እምነት ቢያልቅም በእሳቸው እምነት ቆሜ ዋልኩ ማለት እችላለሁ። ሲያልቅ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ለሚቀጥለው እሁድ ቦታ እይዝልሻለሁ» አሉኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም።

«ከዚያ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም» ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆናል። ሁለተኛውን እሁድ ሄድኩ፣ እውነትም ጥቁር ቦርሳቸው አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሦስተኛው እሁድ ጠዋት ግን ያው የድሮው ድካም መጣ። አልጋ ላይ ሆኜ «ዛሬ ብቀር ምን ይላል» አልኩ። ያቺ ቦርሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። እኚህ አሮጊት ሴት በየመሃሉ ዞር እያሉ በሩን ሲያዩ ታየኝ። ተነሳሁ። አርፍጄ ደረስኩ፣ ግን ደረስኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የወሰደኝ የእግዚአብሔር ፍቅር ነው ለማለት አልደፍርም፣ የሚጠብቀኝ ሰው መኖሩ ነው። አሁን ግን ሁለቱን ያን ያህል አልለያያቸውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ ብቻችሁን ለመመለስ አትሞክሩ። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ብቻ፣ «እሁድ እመጣለሁ፣ ፈልገኝ» በሉት። ማፈር ያለ ነው፣ ያልፋል።

ሁለተኛው ነገር፣ እሁድ የሚጀምረው ቅዳሜ ማታ ነው። እኔ በየእሁዱ ጠዋት «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብዬ ራሴን እጠይቅ ነበር፣ ጠዋት ደግሞ አልጋው ሁልጊዜ ያሸንፋል። አሁን ጥያቄውን አንስቼዋለሁ። የልጆቹ ልብስና ጫማ ቅዳሜ ማታ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ መጽሐፍ ቅዱሶቹም እዚያው። ስልኬ ከመኝታ ቤት ይወጣል፣ እሁድ ጠዋት የሚያረፍደኝ ከልጆቹ ይልቅ እሱ ስለነበር። ቅዳሜ ማታ የሚያስመሸንን ነገር በተቻለ መጠን አንቀበልም። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ከሰው ጋር ሰላም ትባባላላችሁ፣ አዲስ ሰው ታያላችሁ፣ ልባችሁ ይረጋጋል። አርፍዶ ገብቶ ከበረከቱ በፊት የሚወጣ ሰው ስብከት ሊሰማ ይችላል፣ ወንድምና እህት ግን አያገኝም።

ከዚያ ትንሽ ሥራ ያዙ። መድረክ ላይ የሚታይ አይሁን። እኔ ወንበር ማስተካከል ጀመርኩ፣ ከፕሮግራሙ በፊት ግማሽ ሰዓት። ሥራ ያለው ሰው ሲቀር ይፈለጋል፣ ስለሚፈለግም ይመጣል። በሳምንቱ መሃል ያለች ትንሽ የጸሎት ኅብረትም ግቡ፤ እሁድ መቶ ሰው መሃል ሊሸሸግ የሚችል ሰው ስድስት ሰው መሃል መሸሸግ አይችልም። ደግሞ ወደ ቤት ስትመለሱ ስብከቱን አትተቹ፣ በተለይ ልጆች እየሰሙ። እኛ በመንገድ ላይ እያንዳንዳችን ከሰማነው አንዲት ነገር እንናገራለን። ልጄ አንዳንዴ «ሰውየው ውኃ ጠጣ» ትላለች። ይሁን፣ ዓይኗ እዚያ ነበር ማለት ነው።

ከተመለስኩ ከዓመት በኋላ ሥራ ቀየርኩ፣ አዲሱ ሥራ ደግሞ በወር ሁለት እሁድ ጠዋት ተረኛ ያደርገኛል። «ይኸው፣ እንደገና ልጠፋ ነው» ብዬ ለአንድ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ አማረርኩ። እሳቸው የነገሩኝን አልረሳውም። በሮም ግዛት እሁድ የእረፍት ቀን እንዲሆን የታወጀው በንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ321 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አማኞች ሁሉ፣ ባሪያዎቹም ሠራተኞቹም፣ እሁድ የሚሰበሰቡት የሥራ ቀን ሆኖባቸው ነው። በ112 ገደማ ፕሊኒ የሚባል የሮም ገዢ፣ ዛሬ ቱርክ ከምትባለው አገር ሰሜናዊ ክፍል፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ትራያን ስለ ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ በተወሰነ ቀን ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሏል። ሳይነጋ! «አንቺ ደግሞ የማታ ፕሮግራም አለሽ፣ የምትማረሪው ለምንድነው?» አሉኝ ሽማግሌው። በተረኛ ሳምንቴ የማታውን እሄዳለሁ። የእናንተ ቤተክርስቲያን የማታ ከሌላት ጠይቁ፣ እንደ እናንተ ዓይነት ሰው ሌላም ሊኖር ይችላል።

ሽማግሌው የነገሩኝ ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ304፣ በሮም ንጉሠ ነገሥት በዲዮቅልጥያኖስ የክርስቲያኖች ስደት ጊዜ፣ በሰሜን አፍሪካ አቢቲና በምትባል ከተማ አርባ ዘጠኝ ክርስቲያኖች በአንድ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲያመልኩ ተያዙ። ካርቴጅ ወስደው ሲመረምሯቸው፣ ከእነሱ አንዱን፣ ኤሜሪቱስ የተባለውን፣ እንዳትሰበሰቡ የሚለውን ትእዛዝ ጥሰህ ለምን ቤትህ አስገባሃቸው አሉት። ያለ ጌታ ቀን ጉባኤ መኖር አንችልም አለ። «መቅረት የለብንም» አላለም እኮ፣ «አንችልም» ነው ያለው። እኔ ያለሱ ሁለት ዓመት ተኩል የኖርኩ መስሎኝ ነበር።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ «ቤቴ ሆኜ ማምለክ አልችልም ወይ?» የሚል ነው። ትችላለህ፣ ማምለክም አለብህ። እኔም በየቀኑ ቤቴ እጸልያለሁ። ግን አንድ ቀን ተቀምጬ በአዲስ ኪዳን ውስጥ «እርስ በርሳችሁ» የሚሉትን ትእዛዞች ፈለግኩ። ሸክም መሸካከም፣ ገላትያ 6፥2። ኃጢአትን መናዘዝና አንዱ ለሌላው መጸለይ፣ ያዕቆብ 5፥16። በመዝሙር መማማር፣ ቆላስይስ 3፥16። አንዱንም ብቻዬን ሳሎን ተቀምጬ ልፈጽመው አልችልም። ዕብራውያን 10፥25 ደግሞ «በአንዳንዶችም ልማድ እንደ ሆነው፥ መሰብሰባችንን አንተው» ይላል። ልማድ የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ። ያኔም ለምደውት ነበር ማለት ነው፣ ልክ እንደ እኔ። ከዚያ ሉቃስ 4፥16 ላይ ያው ቃል ጠበቀኝ፦ ኢየሱስ «እንደ ልማዱ» በሰንበት ቀን ወደ ምኵራብ ገባ። የእግዚአብሔር ልጅ ከሆነው በላይ «እኔ ብቻዬን ከአባቴ ጋር እነጋገራለሁ» ለማለት መብት ያለው ማን ነው? እሱ ግን ለምዶት ይሄድ ነበር። ያን የናዝሬት ምኵራብ ሰዎች ደግሞ እናውቃቸዋለን፣ በዚያው ዕለት ከገደል ሊጥሉት ወስደውታል። «የእኛ ቤተክርስቲያን ሰዎች ጥሩ አይደሉም» ስል ያ ትዝ ይለኛል።

ቶማስንም እወደዋለሁ። ሰው ሁሉ ተጠራጣሪ ይለዋል፣ እኔን ግን የሚገርመኝ መቅረቱ ነው። ኢየሱስ በመጀመሪያው እሁድ ማታ ሲመጣ አልነበረም፣ እና ያን ሳምንት ሙሉ ጥርጣሬውን ይዞ ከረመ። ከስምንት ቀን በኋላ ግን ጥርጣሬው ሳይለቀው ከእነሱ ጋር ተገኘ። ጌታን ያየው እዚያ ነው። የቀሩት ደቀ መዛሙርትም «ካላመንክ አትምጣ» አላሉትም። እምነታችሁ የደከመ ከሆነ «ሲጠነክር እሄዳለሁ» አትበሉ። ደክሞም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።

መሄድ የማይችሉ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ልወቅስ ፈጽሞ አልፈልግም። አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ፣ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው፣ ለእነሱ ስርጭቱም ስልኩም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ግን አትሸሸጉ፣ ለቤተክርስቲያናችሁ አሳውቁና እነሱ ይምጡ። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የእሁዱን ጉባኤ ሲገልጽ፣ ላልተገኙት ዲያቆናት ከተባረከው ኅብስትና ወይን ድርሻቸውን ይወስዱላቸው እንደነበር ጽፏል። የቀረ ሰው ድርሻው ተይዞለታል። በቤተክርስቲያን ውስጥ በደል፣ ማስፈራራት፣ መጎዳት የደረሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ቁስላችሁን ይዛችሁ እዚያው ተቀመጡ አልልም። ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ደኅና ወደሆነ ጉባኤ ሂዱ። ብቻችሁን ግን አትቅሩ።

እኚያን እናት እስካሁን ስማቸውን አልነገርኳችሁም፣ አልነግራችሁምም። ከተዋወቅን ስምንት ወር ገደማ ሆኖን አንድ ቀን ከፕሮግራም በኋላ ቁጭ ብለን ስናወራ፣ ያ ወንበር የማን እንደነበር ነገሩኝ። የባለቤታቸው ነበር። አርባ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠውበታል። እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ወራት በፊት ነው ያረፉት፣ እሳቸውም ባዶውን ማየት ስላቃታቸው በየእሁዱ ቦርሳቸውን ያኖሩበት ነበር። ያን ቀን እኔ ሳላውቅ መጥቼ ስቀመጥበት ቦርሳቸውን አንስተው እግራቸው ሥር አኖሩት። እኔ እሳቸው እንደያዙኝ ነበር የማስበው። «አንቺ ባትመጪ ኖሮ እኔ ወዴት ነበር የማየው» አሉኝ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጌታ እራት ሲጽፍ «እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» ይላል፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥33። የጌታ እራት በተካሄደ ቁጥር ይቺን ቃል አስባታለሁ።

አሁን ባለቤቴና ልጆቼም አብረውኝ ይመጣሉ፣ መጨረሻውን ረድፍ ሞልተነዋል። እኚህ እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃው ይከብዳቸዋል፣ ቀድመውን መድረስ ትተዋል። ባለፈው እሁድ እኛ ቀድመን ደርሰን ልጄ የራሷን ትንሽ ቦርሳ ቦታቸው ላይ አስቀመጠች። የመጀመሪያው መዝሙር አለቀ፣ አልመጡም። ልጄ በየመሃሉ ዞር እያለች በሩን ታያለች። ሁለተኛው ሲጀመር በሩ ተከፈተ፣ ምርኩዛቸው መጀመሪያ ታየ። ልጄ ቦርሳዋን አንስታ መዝሙር መጽሐፉን ገለጠችላቸው።